ቁልቁለት በገንዘብ

ለእናቴ ደብረ ሲና ደውዬ «ቅዳሜ ተራራ ሄጄ ነበር» ስላት መጀመሪያ የጠየቀችኝ የማን ታቦት እንዳለበት ነው። ለእሷ ተራራ የሚወጣው ለገዳም፣ ለጸበል፣ ቢበዛ ደግሞ የጠፋ ከብት ፍለጋ ነው። ታቦትም ጸበልም እንደሌለው፣ ወንበር የተንጠለጠለበት ገመድ ሰውን እየጎተተ እንደሚያወጣ፣ ሰውም እግሩ ላይ ሁለት ረጃጅም ሳንቃ አስሮ በበረዶው ላይ እየተንሸራተተ እንደሚወርድ አስረዳኋት።

«ከወረድክ በኋላስ?» አለችኝ።

«ተመልሼ እወጣለሁ።»

«ከዚያስ?»

«እወርዳለሁ።»

«ይከፍሉሃል?»

«እኔ ነኝ የምከፍለው፣ እማዬ።»

መስመሩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ድረስ ዝም አለች። ከዚያ «አይ ልጄ፣ ቁልቁለትን በገንዘብ!» ብላ ስለ ጤፍ ዋጋ ማውራት ጀመረች።

እውነቷን ነው። በቋንቋችን ዳገት ቢያደክምም ክብር አለው፤ ቁልቁለት ግን ስሙ አያምርም። ኑሮው የተበላሸበት ሰው «ቁልቁል ሄደ» ነው የሚባለው። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና በእግሩ የወረደ ሰው ደግሞ ነገሩ የአነጋገር ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ዳገት ትንፋሽ ይጨርሳል፣ ቁልቁለት ጉልበት ያብረከርካል። ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ ስኖር 12 ዓመቴ ነው። በየማለዳው ከሥራ ቦታዬ መኪና ማቆሚያ ሆኜ በምዕራብ በኩል የተደረደሩትን ነጭ ተራሮች አያለሁ፤ «ያምራሉ» ከማለት ያለፈ ጉዳይ ግን አልነበረኝም። የበረዶ ሸርተቴ የሀብታም ፈረንጅ ጨዋታ ነው ብዬ ዘግቼው ነበር። በሩን የከፈተው የእህቴ ልጅ ነው። 19 ዓመቱ ነው፤ እዚህ ስላደገ አክብሮቱን «ጋሼ» ላይ ይጨርሰዋል፣ ከዚያ ወዲያ «አንተ» ነው። «ጋሼ፣ የተራራ ሰው ነኝ እያልክ ተራራ ትፈራለህ» አለኝ። በዚህች ነገር ቅዳሜ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከአልጋዬ ወረድኩ።

የሄድነው ላቭላንድ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ስማቸው ዓለምን የዞረ እነ ቬይልና አስፐን አሉ፤ በመጀመሪያ ቀን እነሱ ዘንድ መሄድ ግን ፊደል ሳይቆጥሩ ቅኔ ቤት እንደመግባት ነው። ላቭላንድ ከዴንቨር 53 ማይል ርቆ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር ይገኛል። ማደሪያ ሆቴል የለው፣ የቅንጡ ሱቅ መንደር የለው። የአካባቢው ሰው ጠዋት መጥቶ፣ ተንሸራቶ፣ ማታ ቤቱ የሚገባበት ተራራ ነው። ስሙን «የፍቅር አገር» ብለው የሚተረጉሙ የእኛ ሰዎች አሉ። በፍቅረኞች ቀን ተራራው ላይ ጥንዶች በጅምላ የሚጋቡበት ሥርዓት ስላለ ትርጉሙን የሚያጠናክር ማስረጃ አያጡም። ስሙ ግን የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባቡር ሐዲድ ካስዘረጋው ከዊሊያም ላቭላንድ ነው።

መንገዱን የታክሲና የጭነት መኪና ሾፌሮቻችን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። «አይ ሰቨንቲ» የምንለው ጎዳና ቅዳሜ ጠዋት ወደ ላይ፣ እሑድ ከሰዓት ወደ ታች ይታነቃል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሳይሆን ዋናውን ዳገት ያላለፈ ሰው የሌላውን መኪና የኋላ መብራት ሲቆጥር ይረፍድበታል። ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ ደግሞ በተራራማው ክፍል የጎማ ሕግ አለ፤ በሁለት ጎማ ብቻ የሚነዳ መኪና ተገቢው የክረምት ጎማ ወይም ሰንሰለት ሊኖረው ይገባል፣ የጎማው ጥርስም ያልተላጨ መሆን አለበት። «እኔ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» የሚለው መልስ እዚያ አይሠራም። ጆርጅታውን ከምትባለው ትንሽ ከተማ ስታልፉ በቀኝ በኩል ገደሉን ቃኙ፤ ቀንዳቸው የተጠቀለለ የዱር በጎች የሚታዩበት ጊዜ አለ። እኔ ዋሊያ ያየሁ መስሎኝ መኪና ውስጥ ጮህኩ።

ላቭላንድ ስትደርሱ መንገዱ ተራራው ሆድ ውስጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተከፈተው የአይዘንሃወር ዋሻ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ11,000 ጫማ ከፍ ብሎ የተቆፈረ። መኪኖች ከሥር ሲያልፉ ሰዎች ከላያቸው ይንሸራተታሉ። የጣርማበርን ዋሻ፣ ጣሊያን የቆፈረውን፣ በልጅነቱ በአውቶቡስ መስኮት እያየ ያደገ ሰው ይህን ሲያይ ዝም ማለት አይችልም። እዚያ ከዋሻው ወጥተህ ጉሙ ሲገለጥ ደብረ ሲና ከሥርህ ትዘረጋለች። ከዋሻው ወዲህ የዘነበው ወደ ዓባይ፣ ወዲያ የዘነበው ወደ አዋሽ ይሄዳል። እዚህም እንደዚያው ነው፤ የላቭላንድ ጫፍ የአሜሪካን ውኃ ለሁለት የሚከፍለው ሸንተረር ላይ ነው። በምሥራቅ የቀለጠው በረዶ ወደ ሚሲሲፒ ይወርዳል፣ በምዕራብ የቀለጠው ወደ ኮሎራዶ ወንዝ። ኮሎራዶም ዛሬ ዛሬ እንደ አዋሽ ባሕር ሳይደርስ ነው የሚያልቀው።

ወደ ጫማው ልምጣ፤ የመጀመሪያው ቀን የሚበላሸውም የሚሠምረውም እዚያ ነው።

ዕቃውን በዋዜማው ከተማ ውስጥ ከሚያከራይ ሱቅ ብትወስዱ ይሻላል፤ ጠዋት ተራራው ላይ ወረፋ አለ። ጫማ ይሉታል እንጂ ነገሩ እስከ ግማሽ ቅልጥም የሚደርስ፣ በመቆለፊያ የሚጠረቅ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። እኔ ብርዱን ፈርቼ ሁለት ወፍራም ካልሲ ደርቤ፣ የውስጥ ሱሪዬንም እላዩ ላይ ጠቅጥቄበት ነበር። ሰዓት ሳይሞላ እግሬ ደነዘዘ፤ ቅልጥሜ ላይ የጨርቁ እጥፋት እንደ ሚስማር ወጋኝ። የእህቴ ልጅ መቆለፊያውን ፈትቶ ሲያየው ሳቀ። ጫማው ውስጥ የሚገባው እግርና አንድ ስስ ረጅም ካልሲ ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከውጭ ይቀራል። ሁለት ካልሲ አያሞቅም፤ ደም እንዳይዘዋወር አንቆ ይልቅ ያቀዘቅዛል። ልኩን ለማወቅ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፤ ጣታችሁ ፊቱን ለስለስ አድርጎ ይነካዋል። ጉልበታችሁን አጠፍ ስታደርጉ ጣቱ ወደ ኋላ ይላቀቃል፣ ተረከዙ ግን አይነሳም። የሚመች ጫማ ከመረጣችሁ ትልቅ መርጣችኋል።

እዚያው ሱቅ ቅጽ ያስሞሏችኋል፤ ቁመት፣ ዕድሜ፣ ክብደት፣ ችሎታ። እኔ ክብደቴን 20 ፓውንድ ቀነስኩ። ከኋላዬ ቆንጆ ሴት ተሰልፋ ነበርና ምን ላድርግ። ቁጥሩ ግን ለጨዋታ አልነበረም። ጫማውን ከሳንቃው፣ ከስኪው ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ ስትወድቁ ራሱ የሚፈታው በዚያ ሒሳብ ተለክቶ ነው። ክብደት ያሳነሰ ሰው እግሩ ባልታሰበ ሰዓት ይላቀቅበታል፤ «ጎበዝ ነኝ» ብሎ የዋሸ ደግሞ መላቀቅ ባለበት ሰዓት አይላቀቅለትም፣ ዕዳውን ጉልበቱ ይከፍላል። ተመልሼ አስተካከልኩ። ሴትዮዋ ሄዳ ነበር።

በልብስ ላይ ብዙ አልቆይም። ጂንስና የጥጥ ሹራብ ቤት ይቅሩ፤ ጥጥ አንዴ ከራሰ አይደርቅም። ሱፍ ወይም የስፖርት ልብስ ከውስጥ፣ ውኃ የማያስገባ ከላይ፣ ጥሩ ጓንት፣ ሄልሜት፣ መነጽር። የፀሐይ ቅባት ግን እንዳትረሱ፤ እዚህ ላይ የእኛ ሰው ራሱን ያታልላል። «ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አይነካውም» ብዬ ሳልቀባ ወጣሁ። በረዶው የፀሐይን ጨረር ከታች ወደ ላይ መልሶ ይረጫል። በማግስቱ የተላጠው ግንባሬ ሳይሆን አገጬ ሥርና ከንፈሬ ነበር።

ሌላው ራስን ማታለያ ከፍታው ነው። «እኛ የደጋ ልጆች ነን» እያልኩ ነበር የሄድኩት። የላቭላንድ ሥሩ ራሱ 10,800 ጫማ ነው፣ በእኛ ልኬት 3,290 ሜትር ግድም፤ ከእንጦጦ ይበልጣል። አናቱ 13,010 ጫማ ይደርሳል። ደጋ ተወልጄ ይሆናል፤ ደሜ ግን 12 ዓመት ሙሉ የአውሮራን አየር ለምዷል። እስከ አራት ሰዓት ድረስ ራሴን የሆነ ነገር ሰንጎ ያዘኝ። ውኃ ጠጣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ለቀቀኝ። ባይለቅ ኖሮ መፍትሔው ወደ ታች መመለስ ብቻ ነበር። በማለዳ ቡና ብቻ ጠጥቶ መውጣትም ደግ አይደለም። ወቅቱ ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚገጥም ጿሚ ጓደኞቼ ሲቸገሩ አይቻለሁ። እስከ ቀትር የሚቆይ ሰው ትምህርቱን ከሰዓት በኋላ ይያዝ፣ ቴርሞስ ሙሉ በሶም ይዞ ይምጣ።

ላቭላንድ ሁለት ሠፈር አለው። ቤዝን የሚባለው ለሚያውቁ፣ ቫሊ የሚባለው ለጀማሪ ነው፤ በመሀል አውቶቡስ ይመላለሳል። የእህቴ ልጅ ቫሊ አውርዶኝ «ማታ እንገናኝ» ብሎ ወደ ቤዝን ሄደ። ቅር ቢለኝም በኋላ አመሰገንኩት። ዘመድ ለዘመድ ሸርተቴ ማስተማር መኪና መንዳት እንደማስተማር ነው፤ በጩኸት ይጀመራል፣ በኩርፊያ ያልቃል። ገንዘባችሁን በአንድ ነገር ብቻ የምታጠፉ ከሆነ በትምህርቱ ላይ አጥፉ። ለጀማሪ ትምህርቱን፣ ዕቃውንና የመውጫ ትኬቱን አንድ ላይ አድርገው የሚሸጡበት መንገድ አለ፤ አስቀድሞ በኢንተርኔት ሲገዛም በሩ ላይ ከመግዛት ይረክሳል።

አሠልጣኛችን ስልሳን የተሻገሩ ሴት ነበሩ። የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ዘንጉስ?» የሚል ነበር፤ ሁሉም ሰው ሁለት ሁለት ዘንግ ይዞ አያለሁና። የመንዝና የይፋት ሰው ያለ ዘንግ ቁልቁለት አይወርድም። «ዛሬ ዘንግ የለም» አሉኝ፣ «ትደገፍበታለህ፣ እግርህም አይማርም።» እጄን ትሪ እንደያዝኩ ወደ ፊት እንድዘረጋ አዘዙኝ። እኔ ትሪውን መሶብ አደረግኩት፤ በውስጡ ያለው ወጥ እንዳይፈስ ስጠነቀቅ ሰውነቴ በራሱ ተስተካከለ።

ዋናው ትግል ግን ከለመድኩት ጋር ነበር። ደብረ ሲና ላይ ገደል የሚወረደው ወደ ኋላ ተለጥጦ፣ ተረከዝ ተተክሎ፣ ጎን ለጎን ነው። እዚህ ወደ ኋላ የተለጠጠ ሰው አለቀለት፤ ስኪው ከፊቱ ያመልጥና እሱ በመቀመጫው ይከተላል። ቅልጥምህ የጫማውን ፊት መጫን አለበት፤ የምትፈራው ገደል ላይ አጎንብሰህ። አካሌ ሁሉ «አትስማቸው» ይለኛል። ለማቆም ደግሞ የስኪውን ጫፍ አቀራርበህ ኋላውን ትከፍታለህ፤ የፒዛ ቁራሽ ይመስላል። ሕፃናቱም በዚሁ ነው የሚጠሩት። አራት ዓመት የማይሞላት ልጅ ባጠገቤ እያለፈች «ፒዛ! ፒዛ!» ብላ ጮኸችብኝ። አልሰማኋትም፤ ዓይኔ ከታች ያለው ብርቱካንማ መረብ ላይ ተተክሎ ነበር። እሱን አትንካ እያልኩ አየሁት፤ አየሁትና ሄጄ ተሰቀልኩበት። አሠልጣኛችን ቀስ ብለው መጥተው «የምትሄድበትን እይ፣ የምትፈራውን አይደለም» አሉኝና ማሰሪያውን ፈቱልኝ።

መውደቅ እንዳለ ዕወቁ። ጥበቡ መነሳቱ ላይ ነው። ሁለቱን ስኪ ከቁልቁለቱ አግድም አድርጋችሁ፣ ከሰውነታችሁ በታች በኩል አስቀምጣችሁ ካልተነሳችሁ፣ ግማሽ ስትነሱ ስኪው ይሄዳል። እኔ ሦስት ጊዜ ከወደቅኩበት በታች ወርጄ ተገኘሁ። ልጆች ሳለን በክረምት በጭቃው ሸርተቴ እንጫወት ነበር፤ ተነስቶ ልብስ ማራገፍ እንጂ የሚታፈርበት ነገር አልነበረውም። ሰው መቼ ማፈር እንደሚጀምር እንጃ።

ከሰዓት በኋላ ጀማሪን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ የሚወስደውን ተንቀሳቃሽ ምንጣፍ ትተን ወንበሩ ላይ ወጣን። ይህ ወንበር መጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1936 አይዳሆ፣ ሳን ቫሊ ላይ ነው። የነደፈው ጄምስ ከራን የተባለ የባቡር ኩባንያ መሐንዲስ ሲሆን ሐሳቡን ያገኘው የሙዝ ዘለላ መርከብ ላይ ከሚጫንበት መሣሪያ ነው። አወጣጡ እውነትም የሙዝ ነው፤ ወንበሩ ከኋላ መጥቶ ጉልበትህን መታ ያደርግና ያነሳሃል። ችግሩ ሙዝ ጫፍ ሲደርስ ተነስቶ እንዲሄድ አይጠበቅም። የስኪውን ጫፍ ቀና አድርጎ፣ ተነስቶ፣ ቀጥ ብሎ መሄድ፣ የጎረቤትን ክንድም አለመያዝ ነው። እኔ የጎረቤቴን ክንድ ያዝኩ። ሁለታችንም ወደቅን፣ ማሽኑ ቆመ፣ ወንበር ላይ ያለው ሕዝብ ሁሉ እየተወዛወዘ ጠበቀን። ማንም አልተቆጣም። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ልጅ አንስቶኝ በረዶውን ከትከሻዬ አራገፈና «መጀመሪያህ ነው?» አለኝ፤ መልሱን ሳይጠብቅ ቁልፉን ተጫነ።

ከላይ መንገዶቹ በምልክት ተለይተዋል፤ አረንጓዴ ክብ ቀላሉ፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን መካከለኛው፣ ጥቁር አልማዝ ከባዱ። የአንዱ ተራራ አረንጓዴ የሌላው ሰማያዊ ሊሆን ይችላል፤ ቀለሙ ለዚያ ተራራ ብቻ ነው። ከሕጎቹ ሁሉ አንዱን ያዙ፤ ቅድሚያ ከፊት፣ ከታች ላለው ሰው ነው። ከላይ የሚመጣው እናንተን ሳይነካ የማለፍ ኃላፊነት አለበት። እኔን ይህ ሕግ አረጋጋኝ፤ ኋላዬን ማየት ተውኩ። ስታርፉ ግን ከላይ የሚመጣው ሰው በማያያችሁ ጉብታ ሥር አትቁሙ።

እዚያ ላይ አረፍ ብዬ ከኪሴ ቆሎ አወጣሁ። እናቴ የላከችው የደብረ ሲና ቆሎ ነው፤ የተራራ ምግብ ዋጋ ለሚያውቅ ሰው ኪስ ሙሉ ቆሎ ብልህነት ነው። ማዶ በድሮው የላቭላንድ ማለፊያ መንገድ የነዳጅ ቦቴ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ አደገኛ ጭነት የያዘ መኪና በዋሻው ስለማያልፍ በገደሉ ይሄዳል። ያን መንገድ በሌሊት የሚነዱ ያገር ልጆች አውቃለሁ። ይህ ተራራ ለእነሱ የመዝናኛ ቦታ አይደለም። ከኢትዮጵያ ለክረምት ኦሎምፒክ መጀመሪያ የበቃው ሮቤል ተክለማርያምም ትዝ አለኝ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ቫንኩቨር። የተወዳደረው በአገር አቋራጭ ስኪ ነው፣ ዳገቱ በራስ እግር በሚወጣበት። እናቴ የምትቀበለው ዓይነት።

በመጨረሻው ዙር ከላይ እስከ ታች ሳልወድቅ ወረድኩ። ምን ያህል እንደፈጠንኩ አላውቅም፤ ያቺ «ፒዛ» ባይ ሕፃን ሁለት ጊዜ እንዳለፈችኝ ግን አውቃለሁ። ጉልበቴ አልተብረከረከም። ተመልሼ ልወጣ ስል ገመዱ ሊቆም አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር፤ አሠልጣኛችን እጃቸውን አወዛውዘው ከለከሉኝ። የደከመ እግር የሚሰበረው «የመጨረሻ አንዴ» ሲባል ነው አሉኝ። እሺ አልኩ።

ልሂድ የምትሉ ከሆነ ቅዳሜን ተዉት፤ ዕረፍታችሁ በሥራ ቀን የሚውል ከሆነ በዚያ ሂዱ። በጾሙ ምክንያት የምታመነቱም አትጣደፉ፤ ላቭላንድ እንደ በረዶው ሁኔታ ብዙ ጊዜ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ወይም ሜይ መጀመሪያ ክፍት ነው፤ ፋሲካ ቀደም ባለበት ዓመት ከበዓሉ በኋላም ይደረስበታል። የጀማሪው ሠፈር ቀድሞ ሊዘጋ ስለሚችል ግን ደውላችሁ ጠይቁ። ካልሲ አንድ ብቻ።